ጨው፣ እንቅርት እና ፅንስ፦ እንዴት ይሠራል?

ልጅ የዘገየባት ሴት መርጡለ ማርያም ውስጥ ምክር አታጣም። ጠበል ሂጂ የሚላት አለ፣ ሥር ቆፍሮ የሚያመጣላት አለ፣ ኮከባችሁ አልገጠመም የሚላትም አይጠፋም። የጨው ዕቃሽ የት ነው የተቀመጠው ብሎ የሚጠይቃት ግን እምብዛም ነው። መጠየቁ ደግሞ ይገባል።

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ ክንፉን እንደዘረጋ ቢራቢሮ የተለጠፈች ዕጢ አለች። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል፣ እኛ የእንቅርት ዕጢ። ሥራዋ ሰውነት ምግብን በምን ፍጥነት ወደ ጉልበትና ሙቀት እንደሚለውጥ የሚወስኑ ሆርሞኖችን ማምረት ነው። ዋና ግብአቷ አዮዲን ነው፤ ቲ4 የሚባለው ሆርሞኗ አራት የአዮዲን አተሞች አሉት፣ ቲ3 የሚባለው ሦስት። አዮዲን ከሌለ በምትኩ የሚገባ ሌላ ነገር የለም።

ሆርሞኑ ሲያንስ መጀመሪያ የምትነቃው ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። ቲኤስኤች የሚባል መልእክት በደም ትልካለች፦ ጨምሪ፣ አምርቺ። የእንቅርት ዕጢ ግብአት ሳይኖራት ስትታዘዝ ትፋፋለች፣ ታብጣለች። አንገት ላይ የምናየው እንቅርት ይኸው ነው። ከአንጎል ወደ ፒቱታሪ የሚወርደው ትእዛዝ ሲበረታ ፕሮላክቲን የተባለውን የወተት ሆርሞንም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ፕሮላክቲን የምታጠባ እናት ቶሎ እንዳትፀንስ እንቁላል የሚያዘገይ ሆርሞን ነው፤ ጡት በማታጠባ ሴት ላይ ሲበዛም ያንኑ ያደርጋል። የወር አበባ ይዛባል፣ ይበዛል ወይም ይጠፋል። ሴትየዋ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ይደክማታል፣ ብዙ ሳትበላ ክብደት ትጨምራለች። ጎረቤት ስንፍና ሊለው ይችላል፤ ስንፍና ግን አይደለም።

ነገሩ ለምን በደጋው ይበረታል? አዮዲን በአፈር ውስጥ የሚገኝ፣ ውኃ በቀላሉ አጥቦ የሚወስደው ነገር ነው። የመርጡለ ማርያምን ወረዳ፣ እነብሴ ሳር ምድርን፣ አባይ በሰሜንና በምሥራቅ ይከባታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የደጋው አፈር ወደዚያው ይወርዳል። አዮዲን ባነሰው አፈር ላይ የበቀለው ጤፍም ሆነ ስንዴ፣ ያንን ሣር የጋጠችው ላምም አዮዲናቸው አነስተኛ ነው። የባሕር ዓሣ የሚበላ የባሕር ጠረፍ ሰው የተሻለ ዕድል አለው፤ የደጋ ሰው የሚተማመነው በጨው ነው።

ጨው ደግሞ በራሱ አዮዲን የለውም ማለት ይቻላል። ጎጃም ለዘመናት የኖረበት፣ እንደ ገንዘብም ያገለገለው የአፋር አሞሌ ለማጣፈጥ እንጂ ለዕጢዋ የሚበቃ አልነበረም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው በአብዛኛው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ይህ መንገድ ተዘጋ፣ ገበያው አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረ። ቸርነት አቡዬ እና የማነ ብርሃኔ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከሦስቱ ከአንዲቷ በላይ እንቅርት እንዳለባቸው አገኘ። የፅንስ መጨናገፍና ሞቶ መወለድም እንቅርት ባለባቸው ሴቶች ላይ በርክቶ ታየ። በ2003 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አዘዘ። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው የታሸገ ጨው ከዚህ ደንብ የመጣ ነው።

እንግዲህ ቀሪው ሥራ የኩሽና ነው። አዮዲኑ የሚረጨው በጨው ቅንጣት ላይ ስለሆነ፣ ሻካራውን ጨው ቆሻሻ አለው ብሎ ማጠብ አዮዲኑን ማጠብ ነው። ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀትም ያባክኑታል፤ ከምድጃው አጠገብ ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ጨው ቀስ በቀስ ባዶውን ይቀራል። ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ለወጡም ከእሳት ሊወርድ ሲል ይግባ።

በርበሬው ላይ ቆም ልበል። በርበሬ ሲደለዝ ጨው አብሮ ይገባበታል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል፣ ወራት ይቀመጣል። እኔ ስጠየቅ የምለው፦ በርበሬው ውስጥ ያለው ጨው ለጣዕም ይሁን፣ ለአዮዲን ብላችሁ አትመኑበት። መጨረሻ ላይ ክዳን ካለው ዕቃ ትንሽ ጣል አድርጉ። ብዙ ጨው ብሉ ማለቴ አይደለም። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ 150 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ ይህ ለአዋቂ የቀን ድርሻ ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ይባላል፣ ስለዚህ ትርፉን በጨው ብዛት ሳይሆን ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ ማሟላት ይሻላል።

በፆም ወቅት ወተትና እንቁላል ከማዕድ ሲወጡ የጨው ድርሻ ይጨምራል። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚባለውም ከፊል እውነት አለው፦ በውስጡ ዕጢዋ አዮዲን እንዳትወስድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ነገር ግን ሲበስል ይቀንሳል፣ አዮዲን ለሚያገኝ ሰውም አያሰጋም። ጎመናችሁን ተዉ የሚላችሁን አትስሙ።

ፅንስ ከያዘ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አካባቢ ፅንሱ የራሱን ሆርሞን አያመርትም፤ አንጎሉ የሚሠራው እናቱ በምታካፍለው ነው። ብዙ ሴቶች በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። ስለዚህ ጨዉ ከመፀነስ በፊት መስተካከል አለበት።

አንገቷ ያበጠ ሴት ግን በጨው ብቻ ልትድን አትሞክር። ለረጅም ጊዜ አዮዲን አጥታ የኖረች ዕጢ ድንገት በብዛት ስታገኝ ከልክ በላይ ልትሠራ ትችላለች፤ ያኔ ልብ ይመታል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጠብታም ሆነ ኪኒን በራሷ አትጀምር። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ትጠይቅ። ሳይፀንሱ ዓመት ያለፋቸው ጥንዶች፣ ሴቷ ከ35 በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ያለፋቸው፣ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ።

ሁለቱም ስል ባልንም ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሁለት መከራ መደራረቡን ሲናገር፣ ሁለቱም በሽታዎች መውለድን የሚነኩ ናቸው፦ ጆሮ ደግፍ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድን ሲይዝ የዘር ፍሬውን ሊያሳብጥና ሊጎዳ ይችላል። የወንድ ምርመራ ከሴቷ ይቀላል፣ ይረክሳልም፤ ቢቀድም ሴቷን ከብዙ እንግልት ያድናታል።