ታይመስ ተከሰሰች፤ ጥፋተኛው ግን ሌላ ነበር

 

በረመዷን ፊቱ የገረጣ፣ የዶርም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወንድም ሲገጥመን ሁላችንም ሐኪም እንሆናለን። «ደም አንሶህ ነው፤ በኢፍጧር ቀይ ስር ብላ፣ ሥጋ ጨምርበት» እንላለን። ምክሩ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ነገር ግን የደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም። ብረቱ ሳይጎድል፣ መቅኔውም ያለ ዕረፍት እየሠራ፣ የተሠራውን ቀይ የደም ሴል የሰውነት መከላከያ ራሱ የሚያፈርስበት በሽታ አለ። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ጣፊያ ያብጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ቀይ ስር ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው መውሰድ። ስለዚህ በሽታ ብዙ ያስተማሩን ደግሞ አይጦች ናቸው።

በኒውዚላንድ፣ ደነዲን ከተማ፣ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ማሪያን ቢልሾቭስኪ የተባሉ ተመራማሪ አይጦችን ያራቡ ነበር። ወንድምና እህት አይጦችን ትውልድ በትውልድ እያዳቀሉ ጸጉሩ ጥቁር የሆነ ዘር አወጡ፤ «የኒውዚላንድ ጥቁር» ተባለ። ስለ ደም በሽታ ማንም አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ1959 ግን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሄልየርና ሃዊ፣ እነዚህ አይጦች ማንም ምንም ሳያደርጋቸው ዕድሜያቸው ሲገፋ በገዛ ቀይ ሴላቸው ላይ አንቲቦዲ እንደሚያመርቱ አሳወቁ። ያረጋገጡት በኩምብስ ምርመራ ነው። ሴሎቹ ይታጠቡና አንቲቦዲን የሚይዝ ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል፤ ተጣብቀው ከጓጎሉ አንቲቦዲ ተለጥፎባቸዋል ማለት ነው። እንዲህ የተለጠፈበት ሴል በጣፊያ በኩል ሲያልፍ ይበላል።

ታዲያ ሰውነት የራሱን ሴል እንደ ጠላት የሚያየው የት ላይ ተሳስቶ ነው?

ጥርጣሬው በታይመስ ላይ ወደቀ። ታይመስ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብላ የምትገኝ እጢ ናት። ለዒድ አል-አድሓ የታረደ ጠቦት ሲገነጠል ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ ከልቡ በላይ ያለችው ለስላሳ ነጣ ያለች ሥጋ እርሷ ናት፤ በአሮጌ በግ ግን ወደ ስብ ተለውጣለች። አላህ ያለ ጥበብ የፈጠረው ነገር እንደሌለ ብናምንም፣ ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ይህች እጢ እዚህ ግባ የሚባል ሥራ የላትም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ታይመስን አውጥቶ አየ። አይጦቹ መከላከያቸው ተዳከመ፤ ከሌላ ዘር የተወሰደ ቆዳ ቢለጠፍባቸው እንኳ ሳይቃወሙ ተቀበሉት። ዛሬ እንደምናውቀው ታይመስ የቲ-ሴሎች መድረሳ ናት። የራስን አካል የሚያጠቁት እዚያው ይወገዳሉ፤ ከሚገቡት ተመርቀው የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው።

በዚያው ጊዜ በሜልበርን ማክፋርሌን በርኔት ነበሩ፤ በ1960 የኖቤል ሽልማት ያገኙት። ከማርጋሬት ሆልምስ ጋር የኒውዚላንድን ጥቁር አይጦች አጠኑ። ከታመመ አይጥ ጣፊያ የተወሰዱ ሴሎች በዚያው ዘር ጤነኛ ወጣት አይጥ ውስጥ ሲገቡ በሽታው አብሮ ተሻገረ። በ1962 ደግሞ በአይጦቹ ታይመስ ውስጥ በጤናማ ታይመስ የማይጠበቅ የሴል ክምችት ማየታቸውን አሳወቁ። መድረሳዋ ራሷ ተበላሽታለች፤ አጥቂዎቹ የሚወጡት ከእርሷ ነው ማለት ቀላል ሆነ። ማስረጃው አለ፤ የሚናገሩትም ታላቅ ሰው ናቸው።

ለእኔ የታሪኩ ዋና ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ሄልየርና ሃዊ ከኒውዚላንድ ጥቁር ግልገሎች ታይመስን እንደተወለዱ አወጡና ጠበቁ። ጥፋቱ የታይመስ ከሆነ በሽታው መቅረት ነበረበት። አልቀረም። በ1963 ውጤቱን አሳተሙ፤ አይጦቹ ያለ ታይመስም ታመሙ። በእጢዋ ውስጥ የታየው ብልሽት እውነት ቢሆንም የዚህ ደም መፍረስ ምንጭ አልነበረም።

ፍለጋው አንቲቦዲን ወደሚሠሩት ወደ ቢ-ሴሎች ዞረ። በ1990ዎቹ በጃፓን፣ ኪዮቶ የታሱኩ ሆንጆ ቡድን የዚህን አንቲቦዲ ጂን በሌሎች አይጦች ውስጥ አስገባ። ቀይ ሴልን የሚያጠቁት ቢ-ሴሎች አብዛኞቹ ከቀይ ሴል ጋር ሲገናኙ ይሞታሉ። ቀይ ሴል በማይደርስበት በሆድ ዕቃ ክፍተት የተቀመጡት ግን ይተርፋሉ፤ እነርሱን ሲያጠፏቸው በሽታው ረገበ። ታይመስ ከሁሉም ክስ ነፃ ወጣች ማለት ግን አይደለም። በእርሷ ውስጥ የሚሠራው ኤይር የተባለ ጂን ሲበላሽ በሰው ላይ በርካታ እጢዎችን የሚያጠቃ ሌላ በሽታ ይመጣል።

በሰው ላይ ሕክምናው በፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ ካልበቃ ቢ-ሴሎችን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ ወይም ጣፊያን ማውጣት ይከተላል። አንዳንዴም ምክንያቱ መድኃኒት ነው። በአገራችን በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ለያዛቸው እናቶች የሚታዘዘው ሜቲልዶፓ የአንዳንዶችን የኩምብስ ምርመራ ፖዘቲቭ ያደርጋል፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ደማቸው ይፈርሳል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀይር መፍረሱ ይቆማል። በራስ ውሳኔ ግን አይቆምም፤ ግፊቱ ራሱ እናትንም ልጅንም ይገድላል።

ደም መስጠት ሲያስፈልግም አስቸጋሪ ነው። የታማሚው አንቲቦዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው በሰው ሁሉ ቀይ ሴል ላይ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ጀመዓው ተሰልፎ ደም ቢለግስ እንኳ ላብራቶሪው የሁሉም ደም «አይስማማም» ሊል ይችላል። ያኔ ቤተሰቡ መደንገጥ የለበትም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ሐኪሞቹ ከሁሉ ያነሰ የሚጋጨውን መርጠው፣ ቀስ ብለው፣ እየተከታተሉ ይሰጣሉ።