ለእንግዳ ምን ያህል ድፎ ዳቦ ይበቃል?

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ይገኛል። በዚህ ሰፈር ብዙ ሸማኔዎች ይኖራሉ። እኛም እንደ ገጠሩ ወገናችን ማኅበር እንጠጣለን። ተራ የደረሰው ቤት ድፎ ዳቦ ይጋግራል። ዳቦው ቢያንስ ኀፍረት ነው። ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ ዱቄቱም፣ ሴቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ማገዶም ያለ ጥቅም ያልቃል።

አንዲት ጎረቤታችን የደረሰባትን እንመልከት። በመጀመሪያ በ2 ኪሎ ዱቄት ወርዱ 2 ስንዝር የሆነ ዳቦ ጋገረች። 12 ሰው በልቶ ጠገበ። በሌላ ጊዜ እንግዶቹ 18 ሆኑ። እሷም «በሰዉ ላይ ግማሽ ተጨመረ፤ እንግዲያው በዳቦውም ላይ ግማሽ ልጨምር» ብላ የ3 ስንዝር ዳቦ ጋገረች። ዱቄቱ 4 ኪሎ ተኩል ፈጀ። አንድ ኪሎ ተኩሉን የተበደረችው ነበር። እንግዶቹ ጠግበው ሲሄዱ 9 ሰው የሚያበላ ዳቦ ተረፈ። «ኧረ ምን ነካኝ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው» አለች።

ስህተቱ ምን ላይ ነው? ዳቦ ሲሰፋ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሰፋም። በቁመትም በጎንም ይሰፋል። ይህን በዓይናችን እንየው። መሬት ላይ ጎኑ 2 ስንዝር የሆነ አራት ማዕዘን ጫሩ። በየስንዝሩ ስትከፍሉት 4 ቤት ይሆናል። ጎኑ 3 ስንዝር የሆነውን ስትከፍሉት ግን 9 ቤት ይወጣዋል። 4 ቤት 12 ሰው ካበላ፣ አንዱ ቤት ለ3 ሰው ይበቃል። 9 ቤት ደግሞ 27 ሰው ያበላል ማለት ነው። ክብ ዳቦም ውፍረቱ እኩል ከሆነ የሚያድገው በዚሁ ልክ ነው።

ታዲያ ለ18 ሰው ስንት ይበቃ ነበር? 2 ኪሎ ዱቄት 12 ሰው ካበላ፣ 1 ኪሎው ለ6 ሰው ነው። ስለዚህ ለ18 ሰው 3 ኪሎ ይበቃል። የዳቦው ወርድ 2 ስንዝር ተኩል ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ ብድር ባላስፈለገም ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ድግስ ይህን እናድርግ።

1. እንግዶቹን አስቀድመን እንቁጠር።
2. ዳቦውን ሁልጊዜ በአንድ ሰው እጅ እንስንዘር። የሰው እጅ እኩል አይደለምና።
3. የሰዉን ቁጥር፣ የዱቄቱን ኪሎና የተረፈውን ደብተር ላይ እንጻፍ። በዓመቱ ተራው ሲመለስ ደብተሩ ይነግረናል።

ጥያቄ፦ በ2 ኪሎ ዱቄት 12 ሰው ከጠገበ፣ ለ30 ሰው ስንት ኪሎ ያስፈልጋል?