ከጡረታ በኋላ ወደ አክራ

አረጋውያን ሚስዮናውያን የሚባሉት ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ከሥራቸው በጡረታ ተሰናብተው፣ ለተወሰነ ጊዜ በራሳቸው ወጪ ቤተ ክርስቲያናቸውን ለማገልገል ከቀያቸው የሚወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት የሆኑ ሰዎች ናቸው። ልማዱ በልዩ ልዩ የክርስትና ማኅበራት ዘንድ ይገኛል። በስፋትና በሥርዓት ከዘረጉት መካከል ግንባር ቀደሟ ግን በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው፣ መቀመጫዋን በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ ያደረገችው የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። እ.ኤ.አ. በ1830 የተመሠረተች ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሏት። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ስማቸው የተጻፈበትን ጥቁር ባጅ ደረታቸው ላይ አድርገው ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩት ወጣቶቿ በብዙ ከተሞች ይታወቃሉ። የእነዚህን ወጣቶች ቤት የሚከራዩላቸው፣ ሲታመሙ ሐኪም ጋ የሚያደርሷቸው፣ ቪዛቸውን የሚያሳድሱላቸው አረጋውያን ግን እምብዛም አይታዩም።

በምዕራብ አፍሪካ ሥራው የተጀመረው በእነዚሁ አረጋውያን ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ጥቁር ወንዶች ክህነት እንዳይቀበሉ ለረጅም ዘመን ስትከለክል ቆይታ ክልከላውን ያነሣችው በ1978 ጁን ወር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሬንደልና ሬቸል ሜይቢ፣ ኤድዊንና ጃናት ካነን የተባሉ ሁለት ባልና ሚስት ናይጄሪያ ገቡ። እዚያ ለዓመታት ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረው አንቶኒ ኦቢና ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ይጠብቃቸው ነበር፤ እርሱና አብረውት የጠበቁት ኖቬምበር 21 ቀን ተጠመቁ። በጋናዋ ኬፕ ኮስት ደግሞ ጆሴፍ ዊሊያም ቢሊ ጆንሰን ከ1964 ጀምሮ፣ ቤተ ክርስቲያኗ አንድም መልእክተኛ ሳትልክ፣ የቤተ ክርስቲያኗን ቅዱስ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ሞርሞንን፣ እያስተማረ ምእመናን ሰብስቦ ቆይቶ ነበር። ባልና ሚስቶቹ በዲሴምበር ወደ እርሱ ሲደርሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ በላይ ሰዎች አጠመቁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁልጊዜ የተመቸ አልነበረም፤ የጋና መንግሥት በ1989 የቤተ ክርስቲያኗን እንቅስቃሴ አግዶ የውጭ አገር ሚስዮናውያኑን አስወጣ፤ እግዱ የተነሣው በ1990 መጨረሻ ነው። በ2004 ጃንዋሪ አክራ ላይ ቤተ መቅደስ ተመረቀ። ዛሬ ከተማዋ የቤተ ክርስቲያኗ የምዕራብ አፍሪካ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ስለሆነች ለአረጋውያኑ ሥራ አይታጣም።

ወጣት ሚስዮናዊ ወደ ተመደበበት ይሄዳል እንጂ አይመርጥም። አረጋውያን ግን የሚፈልጉትን የሥራ ዓይነትና አካባቢ መግለጽ ይፈቀድላቸዋል፤ የመጨረሻው ምደባ ግን የቤተ ክርስቲያኗ ነው። በቤታቸው የሚያሳድጉት ልጅ ሊኖር አይገባም፣ የሐኪምና የጥርስ ሐኪም ምርመራ ማለፍ አለባቸው፣ ከአካባቢያቸው መሪዎች ጋርም ይነጋገራሉ። የአገልግሎቱ ዘመን 6፣ 12፣ 18 ወይም 23 ወር ነው፤ ባሕር ተሻግረው የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለውን ይወስዳሉ። ከመነሣታቸው በፊት አጭር ሥልጠና አለ፤ ለዚህ የታወቀው ማዕከል በዩታ ፕሮቮ ከተማ ይገኛል። ወደ ጋና የሚሄድ ሰው የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋ መማር አይጠበቅበትም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ግን ሳይዝ አይገባም፤ የወባ መከላከያ ክኒንም ከሻንጣው አይለይም።

ወጪው የራሳቸው ነው። የቤት ኪራዩን፣ ቀለቡን፣ ኢንሹራንሱን ከጡረታ አበላቸውና ከቁጠባቸው ይሸፍናሉ። ኪራይ ውድ በሆነባቸው ከተሞች ብዙዎች መሄድ ያቅታቸው ስለነበር በ2011 ለመኖሪያ ቤት በወር ከ1,400 ዶላር በላይ እንዳይጠየቁ ተወስኖ፣ ቀሪውን ቤተ ክርስቲያኗ እንድትሸፍን ተደረገ። ለአሜሪካውያኑ ሌላ ራስ ምታትም አለ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ስለማይከፍል ተጨማሪ ኢንሹራንስ መግዛት ግድ ይላቸዋል። ቤታቸውን ወይ ያከራያሉ፣ ወይ ከልጆቻቸው አንዱ እንዲገባበት ያደርጋሉ፤ ጨርሰው ሸጠው የሚወጡም አሉ።

አክራ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት በእግር መንሸራሸር የፈለገ ሰው ጎህ ሲቀድ መነሣት አለበት። ወጣቶቹ የሚነሡበትና የሚተኙበት ሰዓት በደንብ የተወሰነ ነው። አረጋውያኑን እንዲህ ያለ ጥብቅ ሰዓት አያስራቸውም፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱትን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ጸሎት፣ የመጽሐፍ ንባብ፣ ቁርስ። ማንጎና አናናስ ከገበያ አይጠፋም። ውኃው ተጣርቶ ወይም ፈልቶ ነው የሚጠጣው፤ ጣራ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ የተቀመጠው ታንከር ቧንቧው ሲቋረጥ ያገለግላል። መብራት ሲጠፋ ጋናውያን ዱምሶር መጣ ይላሉ፤ ያኔ ጄኔሬተር ይነሣል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከሰሃራ የሚነፍሰው ሐርማታን አቧራውን በመስኮት ስንጥቅ ሁሉ ስለሚያስገባ የጠዋት ጠረጴዛ እስከ ማታ ሳይወለወል አይቆይም።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ይከፈታል። ሚስዮን በሚባል አንድ የአገልግሎት ክልል ሥር ከመቶ በላይ ወጣቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቀለብ ገንዘብ፣ መኝታ፣ ጋዝ፣ የአውሮፕላን ትኬት ይፈልጋሉ። አንዱ ባል የሒሳብ መዝገቡን ይይዛል፤ ሌላው መኪኖቹን ያስጠግናል፤ ሚስት የቪዛ ፎርሞችን ታዘጋጃለች፣ ማን መቼ እንደሚመጣና እንደሚሄድ ትከታተላለች። ጡረተኛ መምህርት፣ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፣ ገበሬ፣ ሁሉንም ይኸው የወረቀት ሥራ ይጠብቃቸዋል። እሰብካለሁ ብሎ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደረሰኝና በፋይል መካከል ሲያሳልፍ ቅር ሊለው ይችላል። ወጣቱ ግን በሰላም ወጥቶ የሚያስተምረው ይህ ሥራ ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ ከስብከቱ ያነሰ አገልግሎት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ቤት መከራየት በአክራ ራሱን የቻለ ትግል ነው። ሕጉ ከስድስት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅን ቢከለክልም ባለቤቶች የአንድና የሁለት ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ መቀበልን ለምደዋል። ይህን ተደራድረው ከተፈራረሙ በኋላ የቤት ፍተሻው ይከተላል። ባልና ሚስቱ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የወጣቶቹን ቤቶች በዝርዝር ወረቀት ያያሉ። የአልጋ አጎበሩ ተቀዷል ወይ? የጋዝ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይ? የመስኮት ወንፊቱ ሙሉ ነው? የጭስ ማንቂያው ባትሪ ይሠራል? ሴትየዋ የውኃ ማጣሪያውን ክዳን አንሥታ ውስጡ የቆሙትን የሸክላ ሻማዎች ታወጣለች፤ ቡናማ አተላ ለብሰው ስታገኛቸው ያለ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ በንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚታጠቡ ቆማ ታሳያለች፣ ከዚያም ወጣቱ ራሱ እንዲደግመው ታደርጋለች። የወላጆቹን ቤት ለቆ የወጣው የ19 ዓመት ልጅ ማጣሪያ አጽድቶ አያውቅም፤ ሆዱን የሚያመው ምን እንደሆነም ያልገባው ለዚህ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ከቤት የተጋገረ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ ጫን ያለ ናፍቆት ያለበት ልጅ ካለም ባልየው በረንዳ ላይ አብሮት ይቆያል። ደንቡ ይህን አይጠይቅም፤ ብዙ ወጣቶች ከአገልግሎቱ በኋላ የሚያነሡት ግን ይህንኑ ነው።

ሌሎች ጥንዶች በሰብአዊ ርዳታ ላይ ይመደባሉ። የዊልቼር ሥራ አንዱ ነው። ዊልቼር በጅምላ ማደል ጉዳት እንዳለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው መመሪያ በግልጽ ተቀምጧል፤ ወንበር ለሰውየው ልክ መሆን አለበት። ስለዚህ ባለሙያው ተጠቃሚውን አስቀምጦ በሜትር ይለካል፦ የዳሌው ስፋት፣ ከዳሌው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ጀርባ ያለው ርዝመት፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ። መቀመጫው ከሰፋ ሰውየው ወደ ጎን ያጋድላል፤ ከረዘመ ወደፊት ይንሸራተታል። እግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫው ላይ ያርፍና፣ ስሜት የሌለው ሰው ሳያውቀው ይቆስላል፤ ያ ቁስል ሊገድል ይችላል። ባልና ሚስቱ ልኬቱን ራሳቸው አይሠሩም፤ የአገሩ ቴክኒሻኖች እንዲሠለጥኑ ያመቻቻሉ፣ ወንበሮቹ ከጉምሩክ እንዲወጡ ይከታተላሉ፣ ከወራት በኋላ ተመልሰው ወንበሩ አሁንም እንደሚያገለግል ያያሉ። ከሁሉ የሚያደክመው የጉምሩኩ ወረፋ ነው።

የዘር ሐረግ መዝገብም ሌላው መስክ ነው። በ1894 የተመሠረተው የዩታ የትውልድ ሐረግ ማኅበር ተተኪ የሆነው የቤተ ክርስቲያኗ ድርጅት ፋሚሊ ሰርች በጋና ከሽማግሌዎች አንደበት የትውልድ ቆጠራ ያስቀዳል። ሰባት ቤት መቁጠር ለማያስገርመው ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሥራው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ቆጣሪው ሽማግሌ ሲያልፍ የሚቆጥረው ሐረግ አብሮት ያልፋል።

ኢትዮጵያም የዚህች ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ከደረሳቸው አገሮች አንዷ ናት። በ1985 ጃንዋሪ 27 ቀን በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት በጾም ያቆዩትን የምግብ ዋጋ በድርቁ ለተጎዱት ሲሰጡ ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በ2003 ድርቅ ጊዜ ደግሞ ሶልት ሌክ ሲቲ በሚገኝ የቤተ ክርስቲያኗ ፋብሪካ ከአጃ ዱቄት፣ ከወተት ዱቄትና ከስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሆን ገንፎ መሰል ምግብ ተመርቶ ወደ ኢትዮጵያ ተጫነ። ስሙም አጥሚት ነበር፤ የተወሰደው ከእኛው ማጀት ነው።

ወደ አክራ ስንመለስ፣ እሑድ የጉባኤ ቀን ነው። ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ የሰንበት ስብሰባው ከሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት አጥሯል። ትንሽ ጉባኤ ውስጥ የተመደቡ ጥንዶች ኪቦርድ ያስተምራሉ፣ ጸሐፊውን መዝገብ አያያዝ ያሳያሉ። እዚህ ላይ ፈተና አለ። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ወጣቱ የጉባኤ መሪ ሲንገዳገድ እያየ እጁን መሰብሰብ ይከብደዋል፤ ሥራውን ነጥቆ ከሠራው ግን እርሱ በሄደ ማግስት ሁሉም ይቆማል። ጥሩ አገልጋይ የሚለየው መናገር ሲችል ዝም ማለት በሚችልበት ጊዜ ነው።

ሰኞ ለወጣቶቹ የልብስ ማጠቢያና የገበያ ቀን ነው። አረጋውያኑ በሚመቻቸው ቀን ወደ ማኮላ ገበያ ይሄዳሉ፤ ያም የሚባለው ሥራ ሥር፣ ፕላንቴን የሚባለው የሚበሰል ሙዝ፣ የተጨሰ ዓሣ፣ ቲማቲም። ብር በግራ እጅ መስጠት በጋና ነውር መሆኑን አዲስ መጪ ቶሎ ይማራል። ዕድሜ ያለው ሰው እዚያ የሚከበር በመሆኑ ሽበታቸው መንገድ ይከፍትላቸዋል፤ ትሮትሮ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ ውስጥ መቀመጫ የሚለቅላቸው አይጠፋም።

ማታ የስልክ ሰዓት ነው። አክራ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዩታ ውስጥ ገና ከቀትር በኋላ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ነው። ወጣቶቹ እስከ 2019 ወደ ቤት በስልክ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በአረጋውያኑ ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ ስለሌለ የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ ያያሉ። ለከባድ የቤተሰብ ጉዳይ በራሳቸው ወጪ ለአጭር ጊዜ መመለስም ይፈቀዳል። ቢሆንም በስክሪን የሚታየውን የልጅ ልጅ ማቀፍ አይቻልም፤ በአገልግሎቱ መካከል ወላጁን ወይም ወንድሙን የሚያጣም አለ። ብዙዎች ወጪውንና ሙቀቱን ይችሉታል፤ ለመሄድ የሚያመነቱበት ዋናው ምክንያት ይህ ከቤተሰብ መለየት ነው።

ሥርዓቱ ጉድለትም አለው። ሥራውን የለመዱት ጥንዶች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሄዳሉ፤ ተተኪዎቹ የጉምሩክ ሹሙንም፣ የቧንቧ ሠራተኛውንም፣ የቤት አከራዩንም እንደገና መተዋወቅ አለባቸው። ጥንዶቹ በራሳቸው ፍቅርና ድካም ያቆሙት ፕሮጀክት የአገሩ ሰው ካልያዘው ሲሄዱ ይሞታል። ጡረታ ያለው ብቻ ሊሄድ መቻሉም ለረጅም ጊዜ አገልጋዮቹ በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ እንዲሆኑ አድርጓል። አሁን ግን ጋናውያንና ናይጄሪያውያን ባልና ሚስት በአካባቢያቸው ቤተ መቅደስና ቢሮ ውስጥ ያገለግላሉ። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ገበያውንም፣ አከራዩንም፣ የወጣቶቹን ወላጆችም ያውቃሉ፤ የአገልግሎት ዘመናቸው ሲያልቅም ከሠሩት ሥራ ብዙ አይርቁም።