ከሚሞሪ የሚጫን ላይብረሪ

ሜጋ ላይ ለከብት ነጋዴዎች የሒሳብ ፕሮግራም ስሠራ ዋናው ሐሳቤ ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ተጠቃሎ በፍላሽ እንዲዞር ነበር። ኔትወርክ በሌለበት ቀን "ላይብረሪው ጎድሏል" ተብሎ ሥራ መቆም የለበትም። ስለዚህ ላይብረሪዎቹን ፕሮግራሙ ውስጥ ከትቼ፣ ዲስክ ላይ ሳይዘረገፉ በቀጥታ ከሚሞሪ እንዲጫኑ አደረግሁ። ይህ ዘዴ ከሚታወቀው በላይ መታወቅ የሚገባው ነው።

የጋራ ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ ነው። ሊኑክስ ላይ የሚጭነው ዲኤል ኦፕን ሲሆን የሚቀበለው የፋይል መንገድ ብቻ ነው፤ ባይት ብትሰጠው አያውቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሊኑክስ 3.17 ግን ሜም ኤፍዲ ክሪኤትን ይዞ መጣ። ይህ ራም ላይ ብቻ የሚኖር ፋይል ይፈጥርና ቁጥር ይሰጥሃል። ኮዱን ትጽፍበታለህ፤ ከዚያ ፕሮክ በተባለው የሊኑክስ ማውጫ ሥር ባለው፣ በዚያ ቁጥር በሚያልቅ መንገድ ዲኤል ኦፕንን ትጠራለህ።

ብዙዎች "ከሚሞሪ ስለሚጫን ሚሞሪ ይቆጥባል" ይላሉ። ተሳስተዋል። ከሜጋ በስተሰሜን ዱብሉቅ ያለውን የቦረና ኤላ፣ ማለትም ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ ያየ ይረዳኛል፦ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ከአንዱ ጉድጓድ ብዙ መንጋ በየተራው ይጠጣል። ዲስክ ላይ ያለ ላይብረሪም እንዲሁ ነው። 20 ፕሮግራም ቢጭነው ኮዱ ራም ላይ የሚቀመጠው አንዴ ነው፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ፋይሉ አንድ መሆኑን ያውቃልና። እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን የሚሞሪ ፋይል ከፈጠረ ግን ይዘቱ አንድ ቢሆንም ለከርነሉ 20 ፋይል ነው። ለአንድ ውሃ 20 ጉድጓድ መቆፈር ማለት ነው።

እኔን ሁለት ቀን ያንከራተተኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ የዋጋ ማስያውን ጫንሁ፣ ቁጥሩ 3 ነበር። ላይብረሪው አንዴ ከተጫነ ቁጥሩ ቢዘጋም ሥራውን ስለሚቀጥል ዘጋሁት። ቀጥሎ የደረሰኝ ማተሚያውን ስከፍት ነጻ የሆነውን 3ን አገኘ። ዲኤል ኦፕን ስህተት አላለም፤ የማተሚያውን ፋንክሽን ስፈልግ ግን የለም። ለካ መጫኛው መንገዱን አይቶ "ይህን ጭኜዋለሁ" ብሎ የመለሰልኝ ያንኑ የዋጋ ማስያ ኖሯል! ይዘቱን አይመረምርም፤ ስሙ ከተመሳሰለ በቃው።

እባካችሁ፣ "ተጭኗል፣ ምን ያደርግልኛል" ብላችሁ ቁጥሩን አትዝጉ። ላይብረሪው ሥራ ላይ እስካለ ክፍት ይቆይ። የእኔ ማስያ 3ን፣ ማተሚያው 4ን እንደያዙ ናቸው፤ ደረሰኙም ይታተማል።