የሞቶ ጉዚ ፋብሪካ አነሣሥ፥ አወዳደቅና ትንሣኤ

በእሽቅድምድም የከበረ ፋብሪካ ስለምን ይከስራል? ከወደቀስ በኋላ ምን ያነሣዋል? ይህን ለመረዳት የኢጣልያውን የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ፥ የሞቶ ጉዚን ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኢጣልያ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል ያገለገሉ ሦስት ወጣቶች ሞተር ብስክሌት ለመሥራት ተስማሙ። ካርሎ ጉዚ መካኒክ ነበር፤ ጆርጆ ፓሮዲ ከመርከብ ባለቤት አባቱ ገንዘብ የሚያመጣ፥ ጆቫኒ ራቬሊ ደግሞ በውድድር የሚያስጠራ ነበር። ራቬሊ ግን በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሁለቱ በ1921 ኩባንያውን ሲያቋቁሙ ክንፉን የዘረጋ ንስር ምልክት ያደረጉት ለእርሱ መታሰቢያ ነው። ፋብሪካውም በኮሞ ሐይቅ ዳር፥ በማንዴሎ ተተከለ።

በ1935 ስታንሊ ዉድስ በማን ደሴት ውድድር በጉዚ ሁለት ድል አገኘ። በ1955 መሐንዲሱ ካርካኖ ባለ ስምንት ሲሊንደር የእሽቅድምድም ሞተር አወጣ። እንዲህ ያለው ሥራ ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል። በዚያው ዘመን ፊያት ትንንሽ መኪናዎችን ስላወጣ፥ ሞተር ብስክሌት ይገዛ የነበረው ሰው ቤተሰቡን ከዝናብ የሚያስጠልልበትን መኪና መረጠ። ጉዚ በ1957 ከውድድር ቢወጣም ገበያው አልተመለሰለትም፤ በ1967 ፋብሪካው ሴይም ወደተባለ አዲስ ኩባንያ እጅ ገባ።

ያነሣው ምን ነበር? በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበው፥ ካርካኖ የነደፈው ቪ7 ነው። ይህ ሞተር ለፖሊስ ሥራ እንዲስማማ የታሰበ 703 ሲሲ ነበር። ሁለቱ ሲሊንደሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለ ወጡ ነፋስ እኩል ያበርዳቸዋል። ኃይሉም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በካቴና ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው፤ ስለዚህ የሚላላና የሚበጠስ ካቴና የለበትም። ለውድድር ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ለመሥራት የተዘጋጀ ነበር።

ባለቤቶቹ ከዚያም ተለዋወጡ፤ በ1973 ዴ ቶማዞ፥ በ2000 አፕሪሊያ፥ በ2004 ፒያጆ። ፋብሪካው ግን ከማንዴሎ ሳይነቀል በ2021 መቶ ዓመት ሞላው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሆኖም ስም ብቻውን የሠራተኛ ደመወዝ እንደማይከፍል ከዚህ ታሪክ እንማራለን። ማንዴሎን ከሥራ አጥነት ያዳናት የዋንጫው ብዛት ሳይሆን፥ ገዢው ምን እንደሚያስፈልገው የጠየቀው ሞተር ነው።