«እሺ» ከማለት በፊት ማንበብ

«ፓኬጅ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በስልክ የምንገዛውን የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በኡቡንቱ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ግን ፓኬጅ ማለት አንድ ፕሮግራም ከነጓዙ የታሰረበት ጥቅል ነው። ኡቡንቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚታደል ስለሆነ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም።

ቤታችን ያለውን ኮምፒውተር የምንጠቀምበት እኔና የ12 ዓመት የልጅ ልጄ ነን። እሷ በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፈች ፕሮግራም መጫንና ማንሳት ትወዳለች። እኔ የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሺ» ከማለቷ በፊት የወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ።

ትእዛዙ አጭር ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ተብሎ በላቲን ፊደል ይጻፍና የፕሮግራሙ ስም ይከተላል፤ ለምሳሌ የልጆች መሳያ የሆነው «ተክስፔይንት»። «ሱዶ» የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ አያልፍም። «አፕት» ጥቅሉን ከኡቡንቱ መጋዘን ያመጣል፣ ማኅተሙንም ይመረምራል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከከረመ ፕሮግራም የሚሻለው በዚህ ነው። ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድም ይናገራል፤ ዳታ ለሚቆጥብ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለማንሳት በ«ኢንስቶል» ፋንታ «ሪሙቭ» ይጻፋል። ፕሮግራሙ ይሄዳል፤ ልጁ የሳላቸው ሥዕሎች ግን ይቀራሉ። «ፐርጅ» የፕሮግራሙን የማስተካከያ ፋይሎች ጭምር ይጠርጋል። «አውቶሪሙቭ» ደግሞ አጃቢ ሆነው መጥተው አሁን ሥራ ያጡትን ያሰናብታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ማንሳቱ ነው፤ ፕሮግራሞች አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው የቆሙ ናቸውና። ልጄ አንድ ቀን «ፓይተን 3»ን አንስታ በአዲስ ልትተካው ፈለገች። እንደ ልማዳችን ዝርዝሩን ስታነብልኝ መሐል ላይ ቆመች። «አባባ፣ ‹ኡቡንቱ ዴስክቶፕ›ም ይነሳል ይላል። ይሄ የምናየው ገጽ ራሱ አይደለም እንዴ?» አለች። ነበር። «ኤን» የሚለውን ፊደል ተጭና ተወችው። ሳታነብ «ኢንተር»ን ብትመታ ኖሮ ማሽኑ እሺታ አድርጎ ይወስደው ነበር።

ልጆች ላሏችሁ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ለልጁ የመጫን ሥልጣን የሌለው የራሱ መግቢያ ክፈቱለት፤ የይለፍ ቃሉ በአዋቂ እጅ ይቆይ። መለማመድ ከፈለገ በትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትንሿን የላቲን «ኤስ» ይጨምር፤ ያኔ ማሽኑ ሊሆን የሚችለውን ያሳየዋል እንጂ ምንም ነገር አይነካም። የቤተሰብ ፎቶዎችንም በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ አትርሱ።

የይለፍ ቃሉ ለልጅ የሚሰጠው መቼ ነው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ዝርዝሩን ማንም ሳያስታውሰው ማንበብ የጀመረ ዕለት።