ትርፍ ብረት በሰው ገላ ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት

በመንዝና በግሼ ደጋ ሰው አብዝቶ የሚመገበው ገብስ ነው፤ ወደ መርሐ ቤቴ ሲወርዱ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይገኛል። እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር ጋራ መቀላቀሉ አይቀርም፤ በአፈሩም ውስጥ ብረት አለ። የስዊድኑ ሐኪም ሆፍቫንደር የኢትዮጵያን ሰው ደምና ከምግብ ጋራ የሚወስደውን ብዙ ብረት መርምሮ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ጽፎአል። በ1980 የታተመ ሌላ ምርመራም፥ በጤፍ የሚገኘው ትርፍ ብረት አብዛኛው ከአፈር የመጣ መሆኑን አስረድቶአል።

ታዲያ ይህን ያህል ብረት የሚበላ ሕዝብ ስለ ምን በብረት አይታመምም? የአፈር ብረት በአንጀት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟምና አብዛኛው እንደ ገባ ይወጣል። ደግሞም ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ይህም በግብር ቀን በደጅ እንደሚቆም አጋፋሪ፥ የሚበቃው ከገባ በኋላ የቀረውን ይመልሳል።

ይህ አጋፋሪ ከልደት ጀምሮ የደከመባቸው ሰዎች ግን አሉ። የጤነኛ ሰው ገላ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይይዛል፤ በየቀኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ያገኛል፤ ያንኑ ያህል ያጣል። ትርፉን የሚያስወጣበት ሌላ በር የለውም። ስለዚህ የታመመው ሰው ዘወትር ጥቂት ጥቂት እያከማቸ በአርባና በአምሳ ዓመቱ 20 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ብረቱ በጉበት ሲቀመጥ ጉበትን ያጠጥራል፤ በቆሽት ሲቀመጥ የስኳር በሽታ ያመጣል፤ ልብን ያደክማል፤ ወንድነትን ይቀንሳል፤ የገላንም መልክ ያጠቍራል። መጀመሪያ የሚሰማው ግን ድካምና የሌባ ጣትና የመካከለኛው ጣት አንጓ ሕመም ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሼልደን በ1935 በሽታው በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አስረዳ፤ ዋነኛው የዘር ጕድለትም በ1996 ተገኘ። ለመታመም ከአባትም ከእናትም መውረስ ያስፈልጋል። ይህ ዐይነቱ በሰሜን አውሮጳ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን በአፍሪቃ ተወላጆች ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። በደቡብ አፍሪቃ ግን በብረት ዕቃ የተጠመቀ ጠላ አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች በጉበታቸው ብረት ተከማችቶ ታመዋል። የእኛ እናቶች ጠላን በሸክላ ጋን መጥነሳቸው ሳያስቡት የጠቀመን ይመስለናል።

መድኃኒቱ ደም መቅዳት ነው። በግማሽ ሊትር ደም ውስጥ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይወጣል፤ በመጀመሪያ በየሳምንቱ፥ ኋላም በዓመት ጥቂት ጊዜ ይቀዳል። ይህን የሰማ ባላገር «እኛስ በዋግምት እንታገም የለም ወይ?» ይል ይሆናል። ዋግምት የሚያወጣው ደም ለዚህ አይበቃም፤ ንጹሕ ያልሆነ ምላጭም ሌላ የጉበት በሽታ ያጋባል። እርጉዝ ሴት በሐኪም የታዘዘላትን የብረት ክኒን በዚህ ጽሑፍ ፈርታ አትተው፤ ሳይታዘዝለት የሚውጥ ግን ይጠንቀቅ።

በአንድ ቤት አንድ ሰው በዚህ በሽታ መታመሙ ከታወቀ፥ ወንድሞቹና እኅቶቹ ሳያማቸው ደማቸውን ያስመርምሩ። እኅቶች በወር አበባና በወሊድ ደም ስለሚወጣቸው በሽታው ዘግይቶ ይታይባቸዋል፤ ከመመርመር ግን አይቅሩ።